በመዝገቡ ያልነበረ ወንዝ

ማሪት ሊንድግሬን ኤመትን ከማየቷ በፊት ድምፁን ሰማች፤ ከድምፁም በፊት እጁን ያዘች። ዓይኗ በጨርቅ ታስሮ ነበርና።

የሥልጠናው የመጀመሪያ ጠዋት ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ የዩኒቨርሲቲው የወንድማማችና የእህትማማች ማኅበራት ምክር ቤት አዲስ ተመራጮች በሰሜን ዊስኮንሲን ወዳለ የሐይቅ ዳር ካምፕ ይወሰዳሉ። ሦስት ቀን ሙሉ መሪነት ይማራሉ ይባላል። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ስሜታቸውን በባለቀለም ወረቀት ይጽፋሉ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ተጣምረው አንዱ ዓይኑን ታስሮ ሌላው ይመራዋል። ማሪት ይህን ሁሉ የታገሠችው ለሥራዋ ስትል ነው። ከዚህ ወሰነ ትምህርት ጀምሮ የምክር ቤቱ የዲሲፕሊን ችሎት ሰብሳቢ እሷ ነች። የየራሳቸው መኖሪያ ቤት ካላቸው ከሃያ ሁለቱ የተማሪ ማኅበራት አንዱ ቢያጠፋ ጉዳዩ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

«ደረጃ አለ፤ ሦስት ነው። ሁለተኛው ያንሸራትታል» አለ ድምፁ።

«አንተን አያንሸራትትም?»

«ከወደቅን አብረን ነው። ብቻሽን አታፍሪም።»

ሳቀች። እጁ ባዶ ነበር፤ ብርዱም የሚቀልዱበት ዓይነት አይደለም።

«ጓንትህ የት ሄደ?»

«በወፍራም ጓንት ይዤሽ ሾልከሽ ብትወድቂ ለእናትሽ ምን እላለሁ?»

ጨርቁ ሲፈታላት በብርድ የቀላ አፍንጫና ሁለት ቡናማ ዓይኖች ከፊቷ አገኘች። እጇን ገና አልለቀቀም ነበር።

«ኤመት ቡሼ እባላለሁ» አለ። «የምክር ቤቱ አዲሱ ፕሬዚዳንት።»

«አውቃለሁ። እኔ የመረጥኩት ሌላውን ነበር።»

«ደግ አደረግሽ» አለና ፈገግ አለ። ማሪት የዚያን ዕለት ደጋግማ ያሰበችው ያንን ፈገግታ ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ የክፍል ጓደኛዋ ጆስሊን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ ልጅ፣ ማካሮኒሽ ድንጋይ ሆነ። ዓይንሽን ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንሺና ብይ እንጂ።»

«ስለ ሥልጠናው እያሰብኩ ነው።»

«ሥልጠናው ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል፤ ሂጂ ንገሪው።»

ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር አብረው ተራመዱ። አያቱም አባቱም የእሱ ማኅበር አባላት እንደነበሩ፣ ፎቶዎቻቸው በማኅበሩ ቤት ደረጃ ላይ ተሰቅለው እንዳሉ ነገራት። እሷም አባቷ ትራክተር እንደሚሸጥና በአሥራ ሁለት ዓመቷ እንዳስነዳት ነገረችው። ሌሎቹ ልጆች በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ እየተንሸራተቱ ይጯጯሁ ነበር። ማሪት ከዳርቻው ዘልላ ወረደችና እጇን ዘረጋችለት።

«ና እንጂ። ይሄ እኮ መኪና ይሸከማል።»

«አንቺ ሂጂ። ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ» አለ። ከንፈሩ ነጥቶ ነበር። ብርዱ ነው ብላ አለፈችው።

በሦስተኛው ቀን የልምምድ ችሎት ነበር። አሠልጣኟና የዩኒቨርሲቲው የማኅበራት ኃላፊ ሚስ ዶሪን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማኅበራትን ጉድ ሲሰሙ የኖሩ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው። ሰብሳቢዋ ማሪት፣ ዳኞቹ ሌሎች አራት ተመራጮች ሆኑ። ተከሳሹን በዕጣ ሲያወጡ ለኤመት ደረሰው፤ አዳራሹም በሳቅ አውካካ።

«የተከሳሹ ካርድ አንድ መስመር ናት» አሉ ዶሪን። «መጀመሪያ ካድ፤ ሲጨንቅህ ትንሽ ትንሽ እመን ትላለች። ሙሉው መዝገብ ያለው በሰብሳቢዋ እጅ ብቻ ነው። ቆፍራ ታውጣ።»

መዝገቡ ሁለት ገጽ ነው። አንድ ማኅበር አዲስ ገቢዎቹን ለመፈተን ብሎ በምድር ቤት ቆልፎ እንቅልፍ ነሥቷቸው አደረ ይላል። የተጎዳ ሰው የለም። ማሪት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ በዚያ ቅዳሜ ምን አደረጋችሁ?»

«ፒዛ በላን፣ ዘመርን፣ ተኛን።»

«የምድር ቤቱ በር ታዲያ ለምን ተቆለፈ?»

«ብርድ እንዳይገባ ነዋ።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። እሷም ሳቋን ዋጠችና መዝገቡ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀችው። «ከአዲስ ገቢዎቹ በጣም የተጎሳቆለው ማን ነበር? ያ ልጅ አሁን የት ነው ያለው?»

ኤመት ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ቤቱ ነው» አለ። «ትምህርቱን ትቶ ቤቱ ገብቷል። ምድር ቤት አልነበረም፤ ወንዙ ላይ ነው። ኅዳር ላይ፣ ከምስጋና በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ። ጫማቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የማኅበሩን መዝሙር እንዲዘምሩ አደረግናቸው። አምስት ደቂቃ ነበር የተባለው። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዱ ልጅ ድምፁ እየተሰበረ ሲዘምር እየሳቅሁ ሰዓቱን ሳላይ ቀረሁ። ባየሁት ጊዜ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይላል። ልጁ ከዚያ በእርጥብ እግሩ በበረዶ ላይ ወደ ማኅበሩ ቤት ሄደ። ሐኪሞች ሦስት የእግር ጣቶቹን ቆረጡ። ለሆስፒታሉ ግን ብቻውን ዓሣ ሲያጠምድ በረዶው ተሰብሮበት ነው አልን። እሱም አዎ አለ።»

ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለ፤ አዳራሹ ሁሉ ቆመ። «አንተ ተዋናይ መሆን ነበረብህ!» አለ ከኋላ አንዱ። ጆስሊን እንባዋን ትጠርግ ነበር። ዶሪን ሳይቀሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጨበጭቡ ነበር።

ማሪት የመጀመሪያውን ገጽ አየች፤ ሁለተኛውን ገለበጠች፤ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ወንዝ የሚል ቃል የለም። ሰዓት የለም፤ ጣት የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ እንዳወቀችም አወቀ።

በረንዳው ላይ አገኘችው።

«ስሙ ማን ነው?» አለችው።

«ኮልቢ።»

«ለምን ነገርከኝ?»

«ልነግርሽ አላሰብኩም ነበር። አንቺ የት ነው ያለው ስትዪኝ… ማሪት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ የት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ራሴም አልጠየቅሁም።»

እጁን ወደ እጇ ሰደደ። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። በዚያ እጅ ተመርታ ዓይኗን ታስራ ተራምዳለች። ከሁሉም የከፋው ግን ለእሱ ያላት ፍቅር ቅንጣት ታህል አለመቀነሱ ነው። ይቀንሳል ብላ ጠበቀች፤ አልቀነሰም። በራሷ ደነገጠች።

«እኔ ሰብሳቢዋ ነኝ፤ አልሰማሁም ልል አልችልም» አለችው። «ሰኞ ጠዋት ዶሪን ቢሮ እሄዳለሁ።»

«የማኅበሩ ቤት ይዘጋል። አባቴ…»

«አውቃለሁ።»

«ዝም በዪ አልልሽም» አለ። «ግን ከዚያ በኋላ ታዪኛለሽ?»

ወደ ውስጥ ገባችና ሻንጣዋን ዘጋች።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ዶሪን ቢሮ ስትደርስ ኤመት በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። በእጁ በራሱ ጽሕፈት የተሞላ አራት ገጽ የእምነት ቃል ይዟል። የጽዳት ሠራተኛዋ «ይሄ ልጅ እኔ ሳልመጣ ነው እዚህ የተገኘ» አለቻት። ማሪት በሩን ለእሱ ትታ ተመለሰች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስኪወጣላት አለቀሰች።

እውነተኛው ችሎት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሰየመ። ኤመት ፕሬዚዳንትነቱን አስረክቦ ለብቻው ተቀምጧል። ዶሪን የምስክሮቹን ዝርዝር ይዘው ገርበብ ካለው በር አጠገብ ቆመዋል። ደንቡ ሰብሳቢዋ አስቀድማ ዳኞቹን አንድ በአንድ እንድትጠይቅ ያዛል። ከተከሳሹ ጋር በዝምድናም ሆነ በወዳጅነት የሚያገናኝህ ነገር አለ? አራቱም የለም አሉ።

«እኔ ደግሞ…» አለች ማሪት ከወንበሯ ተነሥታ። «እኔ አለኝ።»

ዶሪን መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ዓይነት ግንኙነት ነው? መዝገብ ላይ መግባት አለበት።»

«እወደዋለሁ።»

የጸሐፊው እጅ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። ኤመት እንደተመታ ሰው ቀና አለ። ይህን ቃል ለእሱም ነግራው አታውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ከዳኞቹ ጋር እኩል ነው።

«ስለዚህ ልፈርድበት አልችልም» አለች። «ብፈርድ ይቅር እለዋለሁ፤ ወይም ይቅር ላለማለት ስል እጨክንበታለሁ። ሁለቱም ፍርድ አይደለም።» ወረቀቶቿን ለምክትሏ ሰጥታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ከእናቱ ጎን ተቀምጧል። ከዘራው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ማንነቱን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«በሩ ክፍት ነበር» አለ ኮልቢ። «ሰማሁሽ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች ፊቷ ጋል ብሎ።

«ለምን? እኔም እወደው ነበር። ወንድም የለኝም፤ እሱ ነበር ወንድሜ። ዓሣ ሳጠምድ ነው ያልኩት ለእሱ ስል ነው።» ከንፈሩን ነከሰ። «የጣቶቼ ነገር ይለመዳል። ግን ስድስት ሳምንት ሆስፒታልም ቤትም ስተኛ አንድ ቀን መጥቶ አልጠየቀኝም።»

እናቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማሪት ከኮልቢ እግር ሥር ያለውን ወለል ታይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ኮልቢን ጠሩት፤ ምስክርነቱን ሰጥቶ ሲወጣም አልሄደም፤ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ።

በሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተከፈተ። ኤመት የመጀመሪያው ሆኖ ወጣ። የማኅበሩ ቤት ለአምስት ዓመት ተዘግቷል፤ እሱም ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታግዷል። ከማሪት በቀር ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ።

«ማሪት፣ ያልሽው ነገር…»

«የኔን ኋላ ታወራዋለህ» አለች። ትከሻውን ይዛ ወደ ወንበሩ አዞረችው። «መጀመሪያ እሱን ጠይቀው።»

ኤመት ልጁ አለመሄዱን አየ። ወለሉ ላይ፣ ከኮልቢ እግር አጠገብ ተቀመጠ።

«እንዴት ነህ?» አለው።

ኮልቢ ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። «ና፤ ልታይ ከመጣህ እይ» አለው።

ኤመት አየ። ማሪት ካፖርቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኮልቢ እናት ጎን ተቀመጠች፤ ኤመትንም ጠበቀችው።