ገመዱ ላይ መጨረሻው ማነው?

ተጠጉ፣ ተጠጉ! መብራቱ እንደሆነ ሄዷል፣ ዛሬ አይመለስም። ሻማውንም አጥፉት። የማይፈራ ካለ በሩ ሥር ይቀመጥ። የለም? ጀግና ሁሉ ግድግዳ ጥግ ገባ ማለት ነው! በሉ እንግዲህ፣ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የፈራ አጠገቡ ያለውን ይያዝ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮም አይደለም፣ ብቻ ድሮ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ስላችሁ ፀሐይ አናት የምትበሳ እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ክረምቱ ሲቃረብ በዘጠኝ ሰዓት ይመሻል። ዶሮ እንኳ መቼ ቆጥ ላይ እንደምትወጣ ግራ ይገባታል።

በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብርድ፣ በበረዶ ተራራ ላይ አንድ ሰው ይሄዳል። ከኋላው ስድስት ሰዎች በአንድ ገመድ ወገባቸውን ታስረው ይከተሉታል። ሌላ ሰው የለም። ወፍ የለም። ውሻ የለም። ጉም ብቻ።

ሰውየው ማነው? ወንድይፍራው ነው፣ የጣርማ በር ልጅ። ከጉም ጋር ያደገ፣ ጉም ጠጥቶ ጉም የተነፈሰ።

እዚያ ምን ወሰደው አትሉም? ሥራ ነዋ! ከባሕር ጥግ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ልጥራ ብል ምላሴ ይተሳሰራል፣ ይቅርብኝ። ከፊቷ ባሕር ነው፣ ከባሕሩ ማዶ የበረዶ ተራራ። በረዶ ስላችሁ ክረምት መጥቶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን አይደለም። ይሄኛው ከጥፋት ውኃ ወዲህ ያልቀለጠ ነው። ሰማያዊ ነው። ተራራ ያህላል። እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። አፉን ይከፍትና ሰው ከነጓዙ ይውጣል፣ ከዚያ ይገጥማል።

ታዲያ ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ይጎርፋል። ለምን? ሊበርደው! በታንኳ ተንሳፋፊ በረዶ መሃል ሊቀዝፍ። ዓሣ ነባሪ ትንፋሹን ወደ ሰማይ ሲረጭ አይቶ «ዋው!» ሊል። የብረት ጥርስ ያለው ጫማ አጥልቆ ያንን በረዶ ሊወጣ። ቤቱ ሞቆት ተቀምጦ፣ ለመብረድ ከፍሎ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁ። ግን አለ!

ወንድይፍራው መጀመሪያ ዓሣ ያጥብ ነበር። አንድ ቀን ጉም ወደቡን ሲሸፍነው፣ ሰው ሁሉ ሲደናበር፣ እሱ እንደ ገዛ ጓዳው ወዲያ ወዲህ ሲል ሽማግሌው ሀልቫር አየው። ሀልቫር ጀልባም ድርጅትም ያለው ሰው ነው፣ እንግዶቹን የሚያመላልስ።

«አንተ ልጅ፣» አለው፣ «ነገ በረዶው ላይ ሰው ትመራለህ። ሕጉ አንድ ነው። ስትወጣ ቁጠር፣ ስትወርድ ቁጠር።»

«መምራቱን እመራለሁ አባባ። መቁጠሩን ግን ይተዉኝ። እኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም። ሰው የቆጠረ ሰው ይጎድልበታል።»

«ታዲያ መሙላታቸውን በምን ታውቃለህ?»

«በስማቸው እጠራቸዋለኋ!»

እንደዚያው አደረገ። የመጣውን እንግዳ ሁሉ «አቤት» ማለት ያስተምረዋል። ፈረንጅ «አቤት» ሲል ሰምታችኋል? የታነቀች ፍየል ነው የሚመስለው! ግን ወደዱለት። በየመቶ እርምጃው ይቆማል፣ ስም ይጠራል፣ እነሱም አቤት፣ አቤት፣ አቤት እያሉ ይሳሳቃሉ።

ሀልቫር ታዲያ አንድ ሌላ ነገር ሰጠው። ትንሽ ቢላ። «ሳትጠራው አቤት የሚልህ ከመጣ፣» አለው፣ ወደ ባሕሩ እያየ፣ «የገመዱን ጫፍ ቁረጥና ዞር ብለህ ሳታይ ውረድ።»

ወንድይፍራው ሳቀ። ሽማግሌ አይደል፣ ብዙ ይላል ብሎ ቢላውን ኪሱ ከተተ።

አሁን ወደዚያ ቀን እንመለስ። ከስድስቱ አንዷ ባልቴት ናት። ኢንግሪድ ትባላለች፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቴ ሳይከዳኝ በረዶውን ረግጬ ልሙት ብላ የመጣች። «መጨረሻ እሰረኝ፣» አለችው። «ፊት ከሆንኩ ሁሉም ይሄንን ዔሊ እግሬን ያያል።» አሰራት። ከፊቷ ማርኮ የሚባል ቀልደኛ ጎረምሳ አለ፣ አፉ የማያርፍ። ከዚያ ወዲያ ያሉት አራቱ ጓደኛሞች ናቸው።

ወጡ። ፎቶ ተነሱ። በረዶ ላሱ። ሊመለሱ ፊታቸውን ሲያዞሩ ጉሙ ወረደ። እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ወንድይፍራው ቆመና ስም ጠራ። አራቱ አቤት አሉ።

«ማርኮ!»

«አቤት!»

«እማማ ኢንግሪድ!»

«አቤት ልጄ!»

አበቃ። ስድስቱም ሞሉ። እግሩን አነሳ።

«አቤት።»

ዝም በሉ! ማን ነው የተጠራ? ማንም! ሳይጠሩት አቤት ያለው ማነው?

ወንድይፍራው ማርኮ መሰለው። «አንተ ወሬኛ፣ ለቀልድህ ጊዜ ምረጥ!» አለ።

«እኔ ምን አልኩ?» አለ ማርኮ። አፉ በብርድ ተሳስሮ ለቀልድ የሚሆን አልነበረም።

ሄዱ። መቶ እርምጃ። ገመዱ ከበደ። ስድስት ሰው ሲስብ የዋለ ወገብ አሁን አህያ ከነጭነቱ የጎተተ መሰለው። ቆመ፣ ስም ጠራ። ስድስቱም መለሱ። ከዚያ በኋላ አሁንም፣ ቀረብ ብሎ፣ «አቤት።»

የማይቆጥር ሰው ምን ያድርግ? ስንት እንደሆኑ በምን ይወቅ? በዚህ መሃል ኢንግሪድ ከጉሙ ውስጥ ድምጿን አሰማች።

«ልጄ፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጓንት የለውም። ጣቶቹ ጠቁረዋል። አንዱን ጓንቴን ልስጠው?»

ከኋላዋ ማን አለ? እስቲ ንገሩኝ! መጨረሻዋ እሷ አይደለችም?

ወንድይፍራው ፈራ። ግን ቆሞ አልቀረም። ገመዱን በእጁ እየተከተለ ወደ ኋላ ሄደ። ሰዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ አለፈ። ኢንግሪድ ጋ ደረሰ። ከእሷ ወዲያ የቀረችውን የገመድ ጭራ አንድ ሰው ይዟታል።

ረጅም ነው። የድሮ ሱፍ ካፖርት ለብሷል። ጢሙ በረዶ ነው። እግሩ ባዶ ነው፣ በዚያ በረዶ ላይ ባዶ! ዓይኑ ሰማያዊ ነው፣ ግን ውስጡ ማንም የለም።

«መጨረሻዋ የኔ ናት፣» አለ። በየትኛው ቋንቋ እንዳለ አይታወቅም። ገባው ብቻ።

«ማን ሰጠህ?»

«ሁልጊዜ ይሰጡኛል። መቁረጫው ኪስህ ውስጥ ነው።»

ያኔ ነው ቢላው ለምን እንደሆነ የገባው። ከሱ በፊት የነበሩት መሪዎች ጉም በወረደ ቁጥር መጨረሻውን ሰው እየቆረጡ ጥለውለት ወርደዋል። ከዚያ «በረዶው ዋጠው» ይሉና ያለቅሳሉ። ወንድይፍራው ፍርሃቱ ጠፋ። ተናደደ! ከፍርሃት ንዴት ይሻላል፣ ቢያንስ ይሞቃል።

ኢንግሪድ ክንዱን ያዘችው። ሁሉንም ሰምታለች። «ቁረጠው ልጄ። እኔ ሰባ ሦስት ዓመት በልቻለሁ። እነዚህ ልጆች ናቸው።»

«እማማ ዝም ይበሉ! ሽምግልና አልጠራሁዎትም!» አለና ቢላውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ በረዶው ስንጥቅ ወረወረው። ቂው... ቂው... ቂው... መሬት ሲነካ እንኳ አልተሰማም፣ ይህን ያህል ጥልቅ ነው።

«ስማ አንተ!» አለው ያንን ነገር። «ስድስት ነፍስ ይዤ ወጥቻለሁ፣ ስድስት ነፍስ ይዤ እወርዳለሁ። ይኸው ቆጠርኩልህ! በዕድሜዬ ሰው ቆጥሬ አላውቅም፣ ለአንተ ስል ቆጠርኩ። አንዲት ፀጉር እንኳ አትደርስህም!»

ያ ነገር አልተቆጣም። «ገመድ ሁሉ መጨረሻ አለው፣» አለ ብቻ።

አለው? እውነት አለው? ወንድይፍራው አሰበ። የአባቱ አውድማ ታየው። በሬዎቹ አንገት ላንገት ተያይዘው እህሉ ላይ ሲዞሩ ታየው። ከሚዞሩት በሬዎች መጨረሻው የትኛው ነው? በሉ መልሱልኝ! የለም! ክብ ነዋ!

የገመዱን ጭራ ከዚያ ከጠቆረ እጅ መነጨቀና ከራሱ ወገብ ጋር አሰረው። ከፊት የነበረው እሱ፣ ከኋላ ከነበረችው ኢንግሪድ ጋር ተያያዘ። ክብ ሆኑ።

«ዙሩ!» ብሎ ጮኸ። «እየዞራችሁ ውረዱ! በል በሬ! ሆ በል በሬ! ረግጠው!»

ፈረንጆቹ ምን ይግባቸው? ግን ዞሩ። የብረት ጥርሳቸው በረዶውን ጭው ጭው ያደርገዋል። ማርኮ «ሆ በሬ!» እያለ ይጮሃል፣ በሬ ይሁን በር ይሁን እሱም አያውቅ። ያ ነገር በውጭ በኩል ይዞራል። መጨረሻውን ይፈልጋል። እዚህ ሲደርስ ከኋላ ሌላ ሰው አለ። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ፈጠነ። እነሱም ፈጠኑ። እየወደቁ፣ እየተነሱ፣ እንደ እንዝርት እየተሽከረከሩ ያንን ቁልቁለት ወረዱት። ኢንግሪድ ዔሊ እግሯን ረስታ እንደ ጥጃ ትዘላለች!

ደረሱ። ከታች ድንጋዩ ጋ የሀልቫር ጀልባ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። ተረፉ አላችሁ?

ቆዩ! ወደ ጀልባው የሚያሻግረው አንድ ሳንቃ ነው። ጠባብ ነው። አንድ ሰው፣ ከዚያ አንድ ሰው። በሳንቃ ላይ ክብ አይኬድም። ያ ነገር ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«አሁንስ?» አለ።

ወንድይፍራው ከጭራው በኩል ያለውን ቋጠሮ ፈታ። ኢንግሪድን ያዘና ሳንቃው ላይ ፊት አስቀደማት። «ይሂዱ እማማ፣ ዛሬ መጀመሪያ እርስዎ ነዎት!» ቀጥሎ ማርኮን፣ ቀጥሎ አራቱን። አንዱም ከገመዱ አልተፈታም። ዳርቻው ላይ ብቻውን ቀረ።

«መጨረሻው እኔ ነኝ!» አለው ዞር ብሎ፣ ዓይኑን እያየ። «ና! ከቻልክ ውሰደኝ!»

ሳንቃው ላይ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ ያ ነገር ሌላኛውን ቁርጭምጭሚት ያዘው። ብርዱ እስከ ጥርሱ ወጣ። ወደቀ። ወደ በረዶው ይጎትተው ጀመር።

ያኔ ኢንግሪድ ጀልባው ላይ ሆና ጮኸች። ምን ብላ? ስሙን ነዋ! «ወንዲ!» ሙሉውን ማን ይችለዋል?

«አቤት!»

«ወንዲ!» አለ ማርኮ። «አቤት!» ስድስቱም በየአፋቸው ስሙን እየጠሩ ገመዱን ሳቡ። በጠሩት ቁጥር አቤት ይላል፣ አቤት ባለ ቁጥር አንድ ክንድ ይስቡታል። ሀልቫርም ሳበ፣ እያለቀሰ ሳበ። አንዴ ሆ ሲሉ ጫማው ወለቀ! ወንድይፍራው እንደ ጆንያ ጀልባው ውስጥ ተዘረገፈ፣ ማርኮ ሆድ ላይ። ጫማው ከነብረት ጥርሱ እዚያው ቀረ።

ሀልቫር መቅዘፊያውን ይዞ አንገቱን ደፋ። «እኔ በጊዜዬ ሁለት ቆርጫለሁ፣» አለ።

«አውቄያለሁ፣» አለ ወንድይፍራው። «ነገ ስማቸውን ይነግሩኛል። እዚያ ላይ ቆሜ እጠራቸዋለሁ።»

«ነገ ትወጣለህ?»

«ለምን አልወጣም? ለሱ ስል ሥራ ልፈታ ነው?»

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሀልቫር በሩን ደበደበ። «ውጣ፣ ውጣና እይ!» ሌሊት ትንሽ በረዶ ጥሏል። በላዩ ላይ ዱካ አለ። ከባሕሩ ነው የሚወጣው፣ ከውኃው ውስጥ። ወደቡን አቋርጦ ይመጣል። አንዱ እግር ባዶ ነው፣ አምስት ጣት። አንዱ እግር የብረት ጥርስ ያለው ነው። ባዶ፣ ጥርስ፣ ባዶ፣ ጥርስ... እስከ ወንድይፍራው ደጃፍ። እዚያ ያበቃል።

የመጣ እንጂ የተመለሰ ዱካ የለም።

ሀልቫር ወደ ኋላው ሸሸ። ወንድይፍራው ግን ምን አደረገ? ገባና የተረፈችውን አንድ ጫማ ይዞ ወጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ማንም አይታይም።

«ለዚህ ነው የመጣኸው? እንካ!» ብሎ ወረወራት። «ጎዶሎ ጫማ ለኔም አይረባኝ! ተጫምተህ ሂድ፣ ሰው ግን አታገኝም!»

ጫማዋ ተወረወረች። እነሱ ይጠብቃሉ። ይጠብቃሉ።

መሬት አልወደቀችም።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ማንም ብቻውን እንዳይሄድ፣ ማንም መጨረሻ እንዳይወጣ! ክንድ ለክንድ ተያያዙና ባንድ ላይ ውጡ። በሩ ጠበበን እንዳትሉኝ። ከጠበባችሁ ገንጥሉት፣ እኔ አሠራዋለሁ!