ወናፍ የሆነው ከበሮ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ መከር ሲገባ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የፈረሰኞች ጋጣ እንደገና ተከፈተ፤ ፈረሶቹ ግን አልተመለሱም። በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ሻምበል ግድግዳውን ኖራ አስቀብተው፣ በአንዱ ክፍል የአናጢ ጠረጴዛ፣ በሌላው የዶሮ ቆጥ፣ በጓሮው ምድጃና የብረት መቀጥቀጫ አበጁና የወጣቶች የእጅ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ደንቡ አንድ ነበር፤ ልጅ የሚገባው ወላጁ እጁን ይዞ በበሩ ሲያስገባው ብቻ ነው። ሻምበሉ በዘመቻው ጊዜ ከእናታቸው ተደብቀው የመጡ ልጆችን በገዛ እጃቸው ቀብረዋልና፣ ተደብቆ የሚመጣ አይወዱም ነበር።

ከኮርቻ ሰፊው ቤት ልጅ ግን የሚያመጣ አልተገኘም። የኮርቻ ሰፊው ልጅ ቀጭንና ፈጣን ስለነበረች ሰፈሩ ድርጭት ይላታል፤ ማለዳ ሻምበሉ ከዘመቻ ያመጡት ከበሮ ልጆቹን ሊጠራ ሲመታ ሥራዋን ጥላ ከጋጣው አጥር ላይ ትንጠለጠላለች፤ እኩዮቿ ችግኝ ሲያፈሉ፣ ፍሙን በድስት ክዳን ሲያራግቡና አመድ ለብሰው ሲሳሳቁ እያየች ትውላለች።

«አባባ፣ እጄን ይዘው በሩ ድረስ ብቻ ያድርሱኝ» አለች አንድ ቀን።

«አንድ ልጅ ለከበሮ ሰጥቻለሁ» አለ አባቷ ቀና ሳይል፤ «ሁለተኛ የለኝም።»

«አንተ ሰውዬ» አለች አክስቷ ከጓዳ፤ «ልጅቱ ስትንጠለጠልበት አጥሩ ጎበጠ እኮ! ወይ አስገባት፣ ወይ ሄደህ አጥሩን አቅናላቸው።»

እርሱም መስፋቱን ቀጠለ።

አንድ ማለዳ ከበሮው ዝም አለ። ረፋዱ ላይ ሻምበሉ ራሳቸው ከበሮውን ታቅፈው ከኮርቻ ሰፊው ሱቅ ደጃፍ ቆሙ፤ አንደኛው ፊቱ ተተርትሯል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታው። ቁስለኛ ይዤ መጣሁ።»

ኮርቻ ሰፊው በዓይኑ እንጂ በእጁ አልነካውም። «ይኼኛውስ ቢሞት ይሻላል፣ ሻምበል።»

ድርጭት ክሩን በሰም ማሸቷን አቆመች።

«የልጆች መጥሪያ ነው እኮ» አሉ ሻምበሉ።

«የእኔንም ልጅ የጠራው እሱ ነው። እዚች ቦታ ተቀምጦ ሲሰፋ ከበሮው ተመታ፤ መርፌውን ቆዳው ላይ እንደሰካ ዘመተ፤ አልተመለሰም።» ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያላለቀ ኮርቻ በአገጩ አመለከተ። «መርፌው እስካሁን እዚያው አለ።»

ሻምበሉ አዩት፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

ድርጭት አላስቻላትም። «እዚያ እኮ ወናፍ የላቸውም፤ ፍሙን በድስት ክዳን ነው የሚያራግቡት።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ አባቷ።

«እኔ እንጃ፤ አጥሩ ሳይሆን አይቀርም» አለች አክስት።

ኮርቻ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ የከበሮውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሞከረው። «ደርቋል፤ ግን ውሃና ሞራ ይመልሰዋል። ከበሮ አልሰፋም፣ ሻምበል። ወናፍ ቢሉኝ እሰፋለሁ።»

«ከሻለቃ ጦራችን የተረፍነው ይኼ ከበሮና እኔ ነን» አሉ ሻምበሉ።

«እንግዲያው እሱም ይረፍ።»

«ልጆቹንስ በምን እጠራቸዋለሁ?»

«የሚወደውን ሥራ ያገኘን ልጅ ማን ይጠራዋል?» አለች አክስት፤ «ሲመሽ በምን አስወጣቸዋለሁ ይበሉ እንጂ።»

ሻምበሉ ሳቅ ሊሉ ብለው ተዉት፤ ከበሮውን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩና ባዶ እጃቸውን ወጡ።

ቆዳው ተነከረ፤ ድርጭት መዳፏ እስኪቀላ ሞራ እያጠጣች አለሰለሰችው። መስፋት በተጀመረ ጊዜ አባቷ ተነሣና ካላለቀው ኮርቻ ላይ መርፌውን ነቀለ፤ ዝገቱን በአመድ ፈተገና ክር አስገባበት።

በማግስቱ ወናፉን በብብቱ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ሻምበሉ በሩ ላይ ቆመው እንደ ደንባቸው፣ «ማን አመጣት?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባቷ» አለ። ድርጭት እጇን ልትስብ ሞከረች፤ እሱ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የለቀቃት።

ዛሬ ከጋጣው ግድግዳ ላይ የእብነ በረድ ጽላት አለ፤ «ሻምበሉ የከተማውን ወጣቶች በከበሮ ድምፅ የሰበሰቡበት ቤት» ይላል፤ ከሥሩም ከበሮ ተቀርጿል። ሐሰት አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ልጆቹ ለብዙ ዓመታት ያለ ከበሮ ነው የመጡት። ስለ ኮርቻ ሰፊው የተጻፈ የለም፤ ስለ መርፌውም። ፀጉሯ የነጣው ድርጭት በዚያ ስታልፍ ጽላቱን ታነባለች፤ እንዲታረም ግን ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ከበሮ ማዶ ላለው ሁሉ ይሰማል፤ የወናፍ ትንፋሽ ግን እሳቱ አጠገብ ለቆመ ብቻ ነው።