ባለችበት የዞረች ጀልባ

ጋረደው የተባለ ሰው ሬሳ ሱዳን ውስጥ ራሃድ ወንዝ ዳር በሰሊጥ ጆንያ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ጀርባው ላይ እኩል የተራራቁ ጎባጣ ቁስሎች አሉ። ከጎኑ የሰሊጥ አጫጁ አየነው እጁ ታስሮ ተቀምጧል። ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ዛሬ ሬሳውን ከውሃ ያወጣውም እሱ ነው፣ የአጨዳ ማጭዱን ወገቡ ላይ እንደሻጠ።

የፖሊስ አለቃው ሻዊሽ እስማኤል ፅናትን ከሀዋታ ከተማ ያስጠራት እንድታስተረጉም ብቻ ነበር። ካርቱም የአውሮፕላን ምህንድስና ስታጠና ጦርነቱ የመመረቂያ ሥራዋን አስጥሏት፣ አሁን የፖሊስ አስተርጓሚ ሆናለች።

«ኻላስ፣ ማጭዱ ይበቃል» አለ ሻዊሹ። «መኪናው እንደመጣ ገዳሪፍ እወስደዋለሁ።»

«ሬሳ ላወጣ ካቴና» አለ አየነው። «ምነው ዓሣ ባወጣሁ።»

ፅናት ንዴቷን ዋጠች። ወደ ጀልባ ነጂው ዞረች።

«ሰልማን፣ እስቲ እንደገና ንገረኝ።»

«ስንቴ ልንገርሽ? ጋረደው የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሳለ ወደቀ። ሞተሩ አስቀድሞ ጠፍቶብኝ ነበር። የሞተሩን እጀታ ጠምዝዤ ጀልባዋን አዞርኩና ፈለግሁት፣ የለም። ዋኝቶ የወጣ መሰለኝ። የቀረውን አየነውን ጠይቂ።»

«መቅዘፊያስ?»

«ሞተር ከገዛሁ ወዲህ መቅዘፊያ ምን ያደርግልኛል?»

የሟቹ ሚስት ያለምወርቅ ከዳር ሆና ባሏን ስትጠብቅ ነበር።

«እትዬ፣ የሞተር ድምፅ ሰምተዋል?»

«የእርሻው ትራክተር እየጮኸ ምን ይሰማል፣ ልጄ? ጀልባዋ ግን እዚያው ባለችበት እንደ እንዝርት ስትዞር አይቻለሁ።»

ፅናት የሰሊጥ አገዳ ሰብራ ያለምወርቅ ወዳሳየቻት ቦታ ወረወረች። አገዳው አልሄደም፣ አልዞረም። ውሃው እዚያ ተኝቷል።

ሁሉንም ጀልባዋ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«አሁን ደግሞ ስለ ተማርሽው አውሮፕላን ልታወሪኝ ነው?» አለ ሻዊሹ።

«አዎ። ተዋጊ ጄት የሚታጠፈው ክንፉና ጅራቱ ላይ ያሉ ሰሌዳዎች አየሩን ሲገፉ ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ግን ሰሌዳዎቹ ጉልበት ያጣሉ፤ አፍንጫው አይታዘዝም። ስለዚህ በአንዳንዶቹ ላይ እሳት የሚተፋው የሞተሩ አፍ ራሱ እንዲታጠፍ ተደረገ። ግፊቱ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ጅራቱ ወደ ሌላው ይወረወራል፤ በዝግታ እየበረረ እንኳ ወዲያው ይዞራል። ይህች ጀልባም እንዲሁ ናት። ሌላ መሪ የላትም፤ የምትዞረው ሞተሩ ሲጠመዘዝ ነው። እሳቱ የጠፋ ጄት አፉን ቢያጣምም ግን የሚያጣምመው ባዶ ቧንቧ ነው።»

ሰልማንን አየችው።

«መቅዘፊያ አልነበረህም። ውሃው አይፈስም። ጀልባዋ ግን ዞራለች። ሞተሩ ይሠራ ነበር፣ ሰልማን። ያ እኩል የተራራቀ ቁስል የማጭድ አይደለም፤ ከሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ምላጭ ያደረሰው ነው።»

ሰልማን ቁጭ አለ።

«በመቅዘፊያ ነው ያደግሁት፤ ሞተር ገና አልለመድኩም። ላወጣው ብዬ እጀታውን ወደሱ ጠመዘዝኩ። አፍንጫዋ ሸሸች፣ ጅራቷ ሄደችበት። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ ያባርሩኛል ብዬ ዋሸሁ።»

«እኔስ ወረቀት አለኝ?» አለ አየነው።

ሻዊሹ ካቴናውን ከአየነው እጅ ፈትቶ በሰልማን እጅ ላይ ቆለፈው። ያለምወርቅ የፅናትን ነጠላ ያዘች።

«ሊያወጣው ነበር፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለሻዊሹም ንገሪው።»

ፅናት በዓረብኛ ተናገረች። ሻዊሹ «ገደለ» ብሎ ጽፎ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ደግማ ተናገረች። መኪናው እየመጣ ነበር። ስትጮህ ሰምቷት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኻ ስትናገር ሁሉም ዞረው አዩዋት።

ሻዊሹ ብቻ አልዞረም።