ለሶልያና የማይስማማት ነገር

«ልጅቷን ሲያፍናት አጠገቧ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃት ሐኪሙ።

የሻረግ የስምንት ዓመት ልጇን ሶልያናን በነጠላ ጠቅልላ እንደታቀፈች፣ ያበጠ ከንፈሯንና እንደ ወናፍ የሚነፋ ደረቷን እያየች ከጠዋት ጀምሮ ያለውን አሰበች። ጠዋት ወለሉን በበረኪና አጥባ ነበር። ልጅቷ ወተት ጠጥታ ነበር። ባሏ አድማሱ መኪና ቀለም ከሚቀባበት ጋራዥ ገብቶ፣ ቲነር ቲነር የሚሸተውን ቱታውን በሩ ላይ ሰቅሎ ነበር። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አላወቀችም፤ እናት ሆና አለማወቋም አሳፈራት።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። የሚነፋ መድኃኒት ሰጣትና፣ «ሽታም ምግብም የማይችል ሰውነት አለ። አትደንግጪ። አንድ በአንድ እያነሳሽ ሞክሪ፤ የከፋባትን ጻፊው» አላት።

«እጽፈዋለሁ» አለች። ፊደል መለየት የጀመረችው ገና በዚያው ዓመት፣ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ነበር፤ መጻፍ ለዚህ ቀን ይጠቅማል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ በቅርብ ለነዋሪ በተሰጠ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በእነሱ ፎቅ ሌላ የገባ ሰው የለም። መዝጊያ ያልተገጠመላቸው ባዶ ቤቶች አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ፤ ነፋስ ሲነሳ ከውስጣቸው ላስቲክ ይንኮሻኮሻል፤ ደረጃው በበጋም በክረምትም የረጠበ ሲሚንቶ ይሸታል። ሶልያና የምትተኛበት የጠባቡ ክፍል መስኮት የሚከፈተው ወደ ውጭ ሳይሆን፣ የፍሳሽ ቧንቧዎች ወደሚወርዱበት፣ ከጣራ እስከ ምድር ወደሚዘልቅ ጨለማ ቀዳዳ ነው። አድማሱ በገቡ ሰሞን አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ታቹ እኮ አይታይም» ብሎ መስኮቱን በምስማር ቸነከረው።

የሻረግ ሥራዋን በደንብ ያዘች። ሶልያና ከትምህርት ቤት መጥታ ምሳ በልታ ጋደም ስትል በሩን ትዘጋባታለች። ፊት ለፊት ልትጠይቃት አልፈለገችም፤ ልጅቷ የምትወደውን ምግብ እንዳይከለክሏት ብላ ደህና ነኝ ማለቷ አይቀርም፣ ተኝታ ስትተነፍስ ግን የምትደብቀው ነገር የለም። አንድ የሳሙና ስባሪ ወይም ቆንጠር የተደረገ ሹሮ በስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጋ ከበሩ ሥር ወዳለው ክፍተት ታስጠጋለች። ከዚያ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ እስከ ስልሳ ትቆጥራለች። ትንፋሹ እንደነበረ ከቀጠለ ነገሩ በቤት ይቆያል። ከሻከረ፣ ካፏጨ፣ ከተቆራረጠ በዚያው ቀን ከቤት ይወጣል፣ ስሙም ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ «ለሶልያና የማይስማማት ነገር» ከሚለው አርዕስት ሥር ይጻፋል።

መጀመሪያ በረኪና ተጻፈ። ቀጥሎ ወተት፣ ቀጥሎ ሽቶ ያለው ሳሙና። እውነትም ልጅቷ ተሻላት። ከንፈሯ ዳግመኛ አላበጠም፤ በክንዷ ላይ የነበረው ሽፍታ ደረቀ፤ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ስትሯጥ እናቷ ከአጥር ውጭ ቆማ አይታ አለቀሰች። የሚነፋው መድኃኒት ከመደርደሪያው ሳይወርድ ሁለት ወር አለፈው።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከበሩ ኋላ ያለው ትንፋሽ ግን አላበቃም። በጥቅምት እንቁላሉ ላይ አፏጨ። በኅዳር ሽንኩርቱ ላይ፣ ከሳምንት በኋላ ስንዴው ላይ፣ ከዚያ ሹሮው ላይ ሻከረ። በርበሬው ላይ እንደሚያስታውክ ሰው ሦስት ጊዜ ሳበና፣ ዕቃው ተነስቶ እንኳ እስኪያልፍለት ረጅም ሰዓት ፈጀ። የሻረግ በእያንዳንዱ ጊዜ ላብ አጥምቋት ወደ መቁጠሪያው ትሮጣለች። ሶልያና ከእንቅልፏ ስትነሳ ግን ዓይኗን እያሻሸች፣ «እማ፣ ራበኝ» ነበር የምትለው።

የተቀቀለ ድንች ያለ ጨው ትሰጣታለች።

«ጨውስ ምን አደረገ?»

«ጨውም ትናንት አልተስማማሽም። ሰምቼሻለሁ።»

ልጅቷ ድንቹን በጣቷ አንከባለለች። «እማ፣ እኔ ስተኛ አብሮኝ የሚተነፍሰው ማነው?»

«አንቺው ነሻ። ደረትሽ ነው።»

«እኔ እኮ አልተኛሁም ነበር። ትንፋሼን ይዤ ሳዳምጥ ነበር።»

የሻረግ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ትኩሳት አልነበራትም። የያዘችውን ሰሃን ወስዳ በውኃ ብቻ አጠበች፤ ልጅቷ ትንፋሽ እስክትይዝ የደረሰችው ብሶባት ነው ብላ ፈራች።

ከዚያ የአድማሱ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ ቱታው ወጣ፣ ቀጥሎ ጫማው። በጥር አንድ እሑድ ራሱ በሩ አጠገብ ሲያልፍ ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተሰማ።

«የሻ፣ ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ እኮ» አላት። «ምን ቀረኝ? ቆዳዬን ልግፈፈው?»

«ለልጅህ ስትል ነው፣ አድማሱ። አንተ ስትገባ ነው የሚብስባት።»

«ቅድም ሳቅፋት ምንም አልሆነችም። ስትስቅ አልነበር እንዴ?»

«ያኔ ነቅታ ነዋ።»

አድማሱ ልጁን አንድ ጊዜ ታፍና ስላያት፣ ያን ቀን ደግሞ ለማየት አቅም አልነበረውም። ፍራሹን ጠቅልሎ ጋራዥ ማደር ጀመረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ቆሞ ሶልያናን በሩቁ እያናገራት ይመለሳል። የእሱ ስም ከጨው በታች ተጻፈ።

ቤቱ ሽታ አልባ ሆነ። የምግብም፣ የልብስም፣ የሰውም ሽታ የለም። የሻረግ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ እየቆየ ግን ያ ባዶነት ክብደት እያበጀ፣ በጉሮሮ የሚገባ ቀዝቃዛ ነገር እየመሰላት መጣ። የቀበሌውን ትምህርት ተወች፣ የሰው ሽታ ይዛ እንዳትገባ። ሶልያናንም ከትምህርት ቤት አስቀረቻት፤ ጠመኔው አለ፣ የጓደኞቿ የፀጉር ቅባት አለ። ራሷም ወደ ጠባቡ ክፍል መግባት አቆመች። ድንቹን በስሱ ቆርጣ ከበሩ ሥር ትገፋለች፣ ጆሮዋን ትለጥፋለች፣ ትቆጥራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። አልጋው ባዶ ነው። ባልዲዋን ወርውራ ወደ ታች በረረች። ምድር ቤት ዳቦ እየጋገረች የምትሸጠው ፈለቀች ደጃፍ ላይ፣ ሶልያና በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ትጎርሳለች።

«ስንዴ አይስማማትም!» ብላ ጮኸች የሻረግ። «ልትገድያት ነው?»

ፈለቀች ዱቄት የነካ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንቺ ሴትዮ፣ ይችን ልጅ በአየር ብቻ ልታሳድጊያት ነው እንዴ? ሁለት ሙልሙል ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች። ሟች እንዲህ አይበላም!»

«አንቺ አታውቂም። አንቺ አልሰማሻትም።»

«ያየሁት ይበቃኛል። እጇን እስኪ እዪው፣ የአሮጊት እጅ መስሏል!»

የሻረግ ልጇን ጎትታ ደረጃውን ወጣች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሳይደርሱ ሰሙት። ከላይ ነው የሚመጣው፣ ከራሳቸው ቤት ውስጥ፤ እየተሳበ፣ እየተቆራረጠ፣ በመካከሉ እንደ ተዘጋ ቧንቧ እየተንኮረኮረ። ወደ ቤት ገብተው በተከፈተው በር ፊት ሲቆሙ በረታ። ክፍሉ ውስጥ አልጋው አለ፣ ብርድ ልብሱ አለ፣ የተቸነከረው መስኮት አለ፤ ሌላ ምንም አይታይም። ሶልያና የዳቦ ፍርፋሪ አገጯ ላይ እንዳለ፣ ደረቷ በሰላም ከፍ ዝቅ እያለ፣ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

የሻረግ ክፍሉን አየች። ልጇን አየች። እንደገና ክፍሉን አየች።

«ሰማሽ?» አለቻት። «በስንዴው ነው። በጣም ታመሻል።»

«እማ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ።»

«ዝም በይ፣ አትድከሚ» አለችና ወደ ውስጥ ገፍታ በሩን ከውጭ ቆለፈችው።

ሶልያና የመጀመሪያውን ሁለት ቀን በሩን በመዳፏ ስትመታ ዋለች። «እማ፣ አጠገቤ ነው። እማ፣ እባክሽ፣ ሌላ ቦታ ልተኛ።» በሦስተኛው ቀን ድምፅዋ ወደ ወለሉ ወረደ፤ ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት ጣቶቿ ብቻ ይታዩ ነበር፣ ነጭ፣ ቀጫጭን፣ አየር የሚፈልጉ ይመስል ወደ ውጭ የተዘረጉ። የሻረግ ጣቶቹን ልትነካቸው ጎንበስ ትላለች፤ የእጇ ሽታ ትዝ ሲላት ደግሞ ትመለሳለች። ከእነሱ በላይ፣ ከእንጨቱ ወዲያ ያለው ትንፋሽ ሌላ ነገር እንዲወጣለት ይጠይቅ ነበር።

ስለዚህ አወጣችለት። ብርድ ልብሱን፣ የስፖንጅ ፍራሹን፣ አልጋውን በየተራ አወጣች። ደብተሮቹንና የቀለም እርሳሶቹን፣ አንድ እጅ የሌላትን አሻንጉሊት አወጣች። ሶልያና ባዶ ሲሚንቶ ላይ በአንድ የውስጥ ቀሚስ ቀረች። ድንቹም አፏጨበትና ድንቹን አስቀረችው።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ጆሮዋን ስትለጥፍ እንጨቱ ሞቃት ነበር። ፊቷን አንስታ አየችው። ጆሮዋን ከምታስደግፍበት ቦታ ፊት ለፊት፣ በወዲያኛው በኩል አንድ ሰው አፉን ገጥሞ ሲተነፍስ የከረመ ይመስል፣ ቀለሙ አብጦ ተልጧል፤ እንጨቱም በእርጥበት ጠቁሯል። ሶልያና ብትቆም አፏ እዚያ አይደርስም፤ ቁመቷ ከበሩ እጀታ ብዙም አይበልጥም። የሻረግ እርጥበቱን በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው። ምንም አይሸትም። በቤቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ንጹሁ እሱ ነው ብላ አሰበች፤ ማሰቧም አላስደነገጣት።

ትንፋሹ አሁንም እየተጨነቀ ነበር። የሚወጣ ነገር ግን አልቆ ነበር።

ከዚያ ገባት። እንዴት እስከዛሬ እንዳልገባት ገረማት። ቁልፉን አዙራ ገባች፣ ጥግ ላይ ተጠቅልላ የተኛችውን ሶልያናን ብብቷ ሥር ይዛ አነሳቻት፣ ከቤቱ ውጭ ወስዳ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ከአንድ ጆንያ ገለባ አትከብድም ነበር። የሻረግ ተመልሳ የክፍሉን በር ዘጋች፣ ጆሮዋን ሞቃቱ እንጨት ላይ ለጠፈች፣ መቁጠር ጀመረች።

አንዴም አልሻከረ። አንዴም አላፏጨ። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን የሚወጣና የሚገባ ትንፋሽ ነበር። ስልሳ ቆጠረች፣ ሌላ ስልሳ ጨመረች፣ እንባዋ በበሩ ላይ ወረደ። ያን ሁሉ ወር ስትፈልገው የኖረችው ድምፅ ይኼ ነበር። ወደ መቁጠሪያው ሄዳ ከሁሉም በታች፣ ፊደሎቹን አሳምራ፣ ሳትቸኩል «ሶልያና» ብላ ጻፈች። ከዚያ ለባሏ ደወለች።

አድማሱ ሮጦ መጣ። ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን ልጁን ሲያይ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት፤ ቲነር የሚሸተውን ጃኬት ሶልያና ፊቷን ቀብራ በሙሉ ደረቷ ሳበችው።

«ምን አድርገሻት ነው?» አለ። «የሻ፣ ልጄን ምን አድርገሻት ነው?»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» አለች የሻረግ ከተከፈተው የቤቱ በር ወዲያ በሹክሹክታ። «ገና አሁን ነው የተሻላት።»

«ማን ናት የተሻላት?»

የሻረግ ጆሮዋን ወደ ኋላዋ፣ ወደ ክፍሉ አዘነበለች።

«ነይ፣ ሦስታችንም እንሂድ» አላት፣ አሁን እየለመናት። «ሐኪም እናያለን፣ ላንቺም ለእሷም። ነይ ውጪ።»

ሶልያና እጇን ከጃኬቱ እጅጌ ውስጥ አወጣችና ዘረጋችላት። «እማ፣ ነይ።»

የሻረግ የልጅቷን እጅ አየችው፤ ለማያውቁት ሰው ልጅ እንደሚታዘን አዘነችላት። «እኔማ ለማን ትቻት?» አለች፣ የቤቱንም በር ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አድማሱ ሶልያናን አዝሎ አራቱን ፎቅ ወረደ፤ የሻረግ ከልጇ ጋር ቀረች።