የሴቶቹ ቃላት

ስክሪኑ ላይ «0 ቃላት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ኔሬይዳ ገጹን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። አሁንም ዜሮ ነው።

«ታዲያ ባዶ መሆን አለበት እኮ፤» አለ ኤልቪን አጠገቧ ማንጎ እየላጠ። «አሁን አይደል እንዴ ላፕቶፕሽ ላይ የጫንሽው?»

«ይሄ የኔ ኮፒ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ነው።»

ኤልቪን መላጡን አቆመ።

ቲቸር ዊልመር ደጋግመው ነግረዋቸው ነበር፤ የመዝገበ ቃላቱን ድረ ገጽ በየራሳችሁ ኮምፒውተር ጫኑና ማበላሸት ካለባችሁ እዚያ አበላሹ ብለው። ኔሬይዳ ግን ሴቲንጉን ከኤልቪን ስትገለብጥ ቃላቱ የተከማቹበት ዳታቤዝ የት እንዳለ የሚናገረውን አንድ መስመር ሳትቀይር ቀረች። መስመሩ የሚያመለክተው የትምህርት ቤቱን ሰርቨር ነበር። ከዚያ ፕሮግራሙን ሁሉንም አጥፍቶ ከባዶ እንዲጀምር አዘዘችው። እሱም እንደታዘዘው አደረገ።

ቲቸር ጋ ያለው የድሮ ኮፒ የወንዶቹን ቃላት ብቻ ነው የያዘው። በመንደራቸው ጋሪፉና የተባለው ቋንቋቸው ሲነገር አንዳንዱን ነገር ወንድ በአንድ ቃል፣ ሴት በሌላ ቃል ይጠሩታል። የወንዶቹ ቀድሞ ተሰበሰበ። የሴቶቹን ከሞላ ጎደል የሰጠቻቸው ኔሬይዳ አክስቴ የምትላት የአያቷ እህት ሶቴራ ነበረች። ኔሬይዳ ተሳስታ በወንድ ቃል ስታወራ «ጢም አበቀልሽ እንዴ ልጄ?» እያለች ትስቅባት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ግማሽ አካሏ ደርቆ አንደበቷ ተዘግቷል። ሌሎቹ አሮጊቶች ብዙውን ረስተውታል።

«ስሚ፣ መብራት ሄዶ ነው እንላለን፤» አለ ኤልቪን።

«አልሄደም።»

«ጠዋት ሄዶ ነበር። እዚህ አገር መብራት ያልበላው ነገር አለ? የአጎቴን ፍሪጅ በልቷል፣ የቄሱን ማይክ በልቷል። ማንም አይጠይቅሽም። አታካብጂ አቦ።»

ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ወንበር እየደረደሩ ነበር። ዛሬ ቃላታቸውን ስክሪን ላይ ሊያዩ ነው የመጡት። አንዷ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ቲቸር ዊልመር የፕሮጀክተሩን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ዜሮ አዩ።

«መብራቱ ነው፣ አይደል?» አሉ፣ እሺ እንድትላቸው የሚለምኑ ይመስል።

ኤልቪን ቶሎ ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም ቲቸር፤» አለች ኔሬይዳ። «እኔ ነኝ። መስመሩን አልቀየርኩትም።»

ቲቸር ገመዱን እንደያዙ ተቀመጡ። ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

«የሴቶቹ ሌላ ኮፒ የለኝም፤» አሉ። «ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«እርስዎ አይንገሯቸው። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ቆይ እንጂ፣ አብረን…» አለ ኤልቪን፤ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

ወደ ግቢው ስትወጣ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። አክስቷን ሶቴራን ፊት ለፊት አስቀምጠዋታል፤ በትራስ ተደግፋ፣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ። ኔሬይዳን ስታይ በደህናው የፊቷ ጎን ፈገግ አለች። ኔሬይዳ ሌሎቹን አልፋ ሄደችና ከእግሯ ሥር ተንበረከከች።

«አክስቴ፤» አለች፣ ሴቶቹም ዝም እስኪሉ ጠበቀች።