እማማ የውብዳር በቁማቸው የተለቀሰላቸው ቀን

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ እውነት ነው፤ ወላሂ። ወላሂ የማይበቃው ካለ ሌላም መሐላ አለኝ። አሁንም ያላመነ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ሄዶ የእድሩን ሰብሳቢ ጋሽ ታመነን ይጠይቅ፤ ያን ቀን ባነሡት ቁጥር ሳቃቸውን መጨረስ አልቻሉም።

ሱሀይብ እዚያው ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ወጣት ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች ያሳደጉት ጎረቤቷ እማማ የውብዳር ናቸው። እሱ ሙስሊም፣ እሳቸው ጴንጤ፤ ዓርብ ዓርብ እስከ መስጊዱ በር አድርሰው ውጭ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ይላሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቢሆንም «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ፤ ዘለህ ያለፍካት ቃል ካለች ከፊትህ አውቃታለሁ» ይሉታል። ያውቋትም ነበር።

ሱሀይብ አደገና በአንድ ጊዜ ብዙ ሠራተኛ የሚያዝ ሰው ሆነ። ሠራተኞቹ ግን ሰዎች አይደሉም፤ ኤጀንት የሚባሉ፣ ኮድ የሚጽፉ ሰው ሠራሽ አስተውሎቶች ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የጫነው ፕሮግራም ስክሪኑን እንደ ኢስሊ የገበያ አዳራሽ ሱቅ በሱቅ ይከፋፍለዋል። በየመስኮቱ አንድ አንድ ኤጀንት ይሠራል፤ ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ ቆም ብሎ ያስፈቅዳል። ከጥያቄው ሥር «ፍቀድ» እና «ከልክል» የሚሉ ቁልፎች አሉ። ሱሀይብ «ከልክል» የት እንዳለ ከረሳ ቆይቷል።

አንድ ቀን ጠዋት አጠገቡ የምትሠራው ብሩክታዊት «ፍቀድ»ን ብቻ እየነካ የሚሄደውን ጣቱን ስታይ ቆይታ «አንተ፣ አታነበውም እንዴ?» አለችው።

«የማነብበት ጊዜ ቢኖረኝ ራሴው አልጽፈውም ነበር?»

«እኮ ሊያስፈቅዱህ ነው የሚጠይቁህ። ሰላምታ መሰለህ?»

«ብሩኬ፣ ሀኩና ሺዳ፤ ችግር የለም። እነዚህ ተሳስተው አያውቁም።»

«ተሳስተው አያውቁም ወይስ አይተህ አታውቅም?»

ከመስኮቶቹ በአንዱ ለኢስሊ ሐበሾች እድር በነፃ የሚሠራው ሥራ ነበር፤ አባል ሲያርፍ ለሁሉም ስልክ መርዶ የሚልክ ፕሮግራም። ሱሀይብ የአባላቱን ስም ሲያስገባ ከፍቅሩ ብዛት እማማ የውብዳርን ከሁሉ አስቀድሟቸዋል። ኤጀንቱም ጥርት አድርጎ ጠየቀ፦ «አሠራሩን ለመፈተሽ በመጀመሪያዋ አባል ስም የሞት መልእክት ልላክ? መልእክቱ ወደ አባላቱ እውነተኛ ስልኮች ይሄዳል።»

ሱሀይብ «ፍቀድ»ን ነካ አድርጎ ሻይ ሊጠጣ ተነሣ።

ሻዩ ከከንፈሩ ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። እሱም የእድሩ አባል ነውና ደረሰው፦ «ወይዘሮ የውብዳር ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

ብርጭቆው የት እንደወደቀ አያውቅም። ደወለላቸው፤ አያነሡም። ደገመ፤ አያነሡም። ጉልበታቸውን ካመማቸው ሰንብቷል፤ እሱ ግን «ቅዳሜ እመጣለሁ» እያለ ስንቱን ቅዳሜ አሳልፏል። እየሮጠ ወጥቶ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ፓርክላንድስ ላይ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲንሰቀሰቅ ያየው ረዳት ትከሻውን ነካ አድርጎ «ፖሌ ሳና፤ አይዞህ፣ ወንድሜ» አለና ሙዚቃውን አስጠፋለት። መኪናው በሙሉ ጸጥ አለ። ሱሀይብ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድም ቀን «አመሰግናለሁ» ብሏቸው አያውቅም።

ኢስሊ ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው እማማ የውብዳር ፔርሙዝ ይዘው፣ እያነከሱ ሻይ ያድላሉ።

ሱሀይብ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ።

«ና ተቀመጥ» አሉት። «በእኔ ለቅሶ እንኳ ታረፍዳለህ?»

«እማማ… ደህና ነዎት?»

«እኔ ምን አውቄ። ከታች ለቅሶ ብሰማ ጎረቤት የሞተ መስሎኝ ስልኬንም ሳልይዝ ወረድኩና አብሬ አለቀስኩ። ደህና አድርጌ አልቅሼ ስጨርስ አጠገቤ የተቀመጠችውን ጽጌረዳን ‹ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?› ብላት ቀና ብላ አየችኝና ዘፍ አለች። ይኸው እስካሁን ውሃ እየረጩባት ነው።»

የሱሀይብ ስልክ ጠራ። ብሩክታዊት ነበረች፤ ትቶት የሄደውን ስክሪን አይታ ነው። «ማንም አልሞተም፤ የሙከራ መልእክት ነው» አለችው። «ጠይቆሃል፤ ፈቅደሃል።»

ጋሽ ታመነ ሲያደምጡ ኖሮ ጠጋ አሉትና በሹክሹክታ «ማሽኑ ነው ያበላሸው በላቸው። ማሽን ከሆነ ማንም አይቀየምህም» አሉት።

ማምለጫው ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። ግን የእማማን ዓይን አየ፤ ዘሎ ያለፋት ነገር እንዳለች ከፊቱ እያነበቡ ነው።

«ማሽኑማ ጠይቆኝ ነበር» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኙት።

«አንብብልኝ እስኪ።»

«ምኑን?»

«መርዶዬን ነዋ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ።»

እንደ ልጅነቱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው።

«ይኸው ነው?» አሉ። «ደግ ነበሩ እንኳ አይልም?»

ለቀስተኛው ሳቀ። ሱሀይብ ግን የታመመ ጉልበታቸውን አቅፎ «እማማ፣ አመሰግናለሁ። ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ» አለ።

እሳቸውም ፀጉሩን እየዳበሱ «እኔም ጌታን አመሰግነዋለሁ» አሉ። «ጉልበቴ ከያዘኝ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ድንኳን ሙሉ ሰው መጣልኝ፤ አንተም መጣህ። በለቅሶው ላይ ተገኝቶ ሻይ የማደል ዕድል ለማን ይደርሳል?»

ሱሀይብ ከዚያ ወዲህ አንብቦ የሚጨርሰውን ያህል መስኮት ብቻ ይከፍታል፤ «ከልክል» የምትለዋንም ቁልፍ አግኝቷታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዌስትላንድስ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

እኛም፣ ወገኖቼ፣ ድካማችንን የሚያቀል መሣሪያ ስላገኘን እናመስግን። ነገር ግን ጠይቆን የፈቀድነው ሁሉ የእኛው ሥራ ነውና ሳናነብ አንፍቀድ። ለምንወደው ሰው የምንለውን ምስጋናም መርዶ እስኪመጣ አናቆየው።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ነገር ልናዘዝ። ረዳቱ ሙዚቃውን አላስጠፋም፤ እሷን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የናይሮቢ ማታቱ ለማን ሐዘን ብሎ ሙዚቃ ያጠፋል? ሱሀይብ ያለቀሰው፣ «አመሰግናለሁ ሳልላቸው» እያለ የተንገበገበውም፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ነው።