ያልተለኩት አራት ዓርቦች

ሜትሩ አንድ ሜትር ከዘጠና ላይ ቆመ። አያንቱ የተሳሳተች መስሏት ጫፉን ከችካሉ ሥር አስተካክላ እንደገና እስከ ቦረቦሩ ጠርዝ ዘረጋችው። ያው አንድ ሜትር ከዘጠና።

ደብተሩን ገለጠች። በጓደኛዋ በዶርቃስ ክብ ክብ የእጅ ጽሑፍ፣ ባለፈው ዓርብ ከችካሉ እስከ ጠርዙ ሦስት ሜትር ከሰማንያ አምስት ነበር ይላል። በአንድ ሳምንት ሁለት ሜትር ገደማ መሬት ተናደ ማለት ነው። ግን በዚህ ሳምንት ከተማቸው እንጭኒ ላይ ካፊያ እንጂ ዝናብ አልጣለም።

በደረቷ ተኝታ ወደ ታች አየች። የተናደው አፈር ቦረቦሩ ውስጥ ተከምሯል። በላዩ ጣት የሚያህል ሣር በቅሎበታል። ሣር ደግሞ በአንድ ሌሊት አይበቅልም።

ልኬቱን የጀመሩት ሚያዝያ ላይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህራቸው ገብረአማኑኤል አንድ ቀን ከሙገር ገደል የመጣ ነጭ ድንጋይ ይዞ ክፍል ገባ። ድንጋዩ ላይ የዛጎል ቅርጽ ታትሞበታል።

«እዚህ ባሕር ነበር» አላቸው። «መጣ፣ ሄደ። መሬት ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላችኋል እንጂ አየሩና ውሃው ሲለወጡ እሱም ይለወጣል። የባሕሩ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ፈጅቷል። የቦረቦሩን ግን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ድሮ ቀስ እያለ በሳምንት የሚወርደው ዝናብ አሁን በአንድ ከሰዓት ይወርዳል፤ መሬቱ አይችለውም።»

አያንቱና ዶርቃስ በየዓርቡ ከትምህርት በኋላ የሚለኩት ይህ ቦረቦር ደረሳቸው። ግንቦት ላይ አያንቱን ታይፎይድ ጣላት። አራት ዓርብ ዶርቃስ ብቻዋን ሠራች። በእነዚያ ሳምንታት ግራፉ ረጋ፤ መምህሩም «ጠርዙ ላይ የተከልነው ሣር ይዞታል!» ብሎ ተደሰተ። ሥራቸው አምቦ ለሚካሄደው የዞኑ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ተመረጠ። ሰኞ ይሄዳሉ። አያንቱ ዩኒፎርሟን ከትናንት ጀምሮ ተኩሳ ሰቅላዋለች።

ቀና ስትል አብራት የመጣችው ዶርቃስ ከጠርዙ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች።

«ዶርቃስ፣ እኔ ስታመም በየሳምንቱ ለክተሻል?»

«ደብተሩ ላይ የለም እንዴ?»

«ደብተሩ ላይማ አለ። ለክተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አታካብጂ አያንቱ። ለጥቂት ሴንቲ ሜትር!»

«ሁለት ሜትር ነው! ቁጥሩ ፎርጅድ ነው አይደል?»

ዶርቃስ የሹራቧን እጅጌ ጎተተች። ከዚያ በሹክሹክታ ተናገረች። «የመጀመሪያው ዓርብ ልለካ ስጎነበስ አጠገቤ ያለው መሬት ተደረመሰ። አንድ እግሬ አየር ላይ ቀረ። ሣር ይዤ ነው የተረፍኩት። ከዚያ በኋላ መቅረብ አቃተኝ። ያንቺን ቁጥሮች እያየሁ፣ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ ሞላሁት።»

«ለምን አልነገርሽም?»

«አንቺ ታመሻል። ለመምህር ልነግረው ሳስብ ደግሞ ክፍል ውስጥ አስጨበጨበልኝ። መመለሻ አጣሁ።» ቀረብ አለች። «ሰኞ እንደዚሁ እናቅርበው። አምቦ ላይ ማን ያውቃል? ከዚያ ክረምት ይገባል፣ ይረሳል።»

አያንቱ የሰቀለችው ዩኒፎርም ትዝ አላት። አምቦ ላይ ያ ሁሉ ተማሪ ፊት ቆማ ስታስረዳ ስንት ቀን በሐሳቧ ተለማምዳዋለች። ሥራው የተሳሳተ ነው ቢባል ማንም አይወስዳቸውም።

ከችካሉ ወዲያ የመዶሻ ድምፅ መጣ። ከቦረቦሩ ስምንት እርምጃ ርቆ፣ አዴ ጉዴ ለልጃቸው የሚሠሩት ቤት ማገር እየተመታ ነው። አዴ ጉዴ ባላቸው የሞተባቸው፣ ይህችን መሬት ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ ቦረቦሩ ቆሟል ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። መምህሩ ግራፉን አሳያቸው። በማግሥቱ ቋሚዎቹ ተተከሉ። ነገ ጭቃ የሚመርግ ደቦ ጠርተዋል።

«በእኛ ቁጥር ነው የሚሠሩት» አለች አያንቱ።

«አውቃለሁ! አውቃለሁ እኮ!» ዶርቃስ እንባዋ መጣ። «ግን ሰው ሁሉ ውሸታም ይለኛል።»

አያንቱ ደብተሩን ይዛ ወደ መዶሻው ድምፅ ሄደች።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጉዴ?»

«ፋያ፣ ኢንታላ ኮ! ልጄ፣ ዳንሽልኝ?»

«ደህና ነኝ። አዴ ጉዴ፣ የነገርንዎት ቁጥር ልክ አይደለም። ቦረቦሩ አልቆመም። ሁለት ሜትር ወደ እርስዎ መጥቷል።»

አዴ ጉዴ ቋሚዎቹን አዩ፤ ከዚያ ጠርዙን። «ማን ነው የተሳሳተው?»

አያንቱ «እኛ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዋ «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማች። ዶርቃስ ተከትላት መጥታለች። «ሳልለካ ነው የጻፍኩት።»

አዴ ጉዴ አልጮኹም። «ልጄ ሚስቱን ይዞ እዚህ ሊተኛ ነበር» አሉ ብቻ። ዶርቃስ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሴትየዋ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ነገ ሰዎቹ ጭቃውን ትተው ለቋሚዎቹ ሌላ ቦታ ጉድጓድ ይቆፍሩልኛል። እናንተም ትመጣላችሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቋሚዎቹ ተነቅለው ስልሳ እርምጃ ወደ ዳገቱ ወጡ። ልጃገረዶቹ እንጨት ተሸከሙ፣ አፈር ዛቁ። አያንቱ ማታውኑ ደውላለት ስለነበር መምህር ገብረአማኑኤልም መጣ። ቦረቦሩን ዞሮ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ሰው ሊሞት ይችል ነበር፣ ዶርቃስ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔም አንድ ቀን ወርጄ ማየት ነበረብኝ።»

አያንቱ ግራፉን ሰጠችው። አራቱን ነጥቦች በላጲስ አጥፍታቸዋለች። መስመሩ ግንቦት ላይ ይቋረጣል፤ የትናንቱ ነጥብ ከታች ብቻውን ቀርቷል።

«እንዲህ ሆኖ ከቀረበ» አለ መምህሩ፣ «አምቦ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው ብለው ነው።»

ዶርቃስ አካፋዋን አቁማ ጭቃ የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሱን እኔ እመልሳለሁ» አለች።